ልዩ ሆኖ አብሮ መቀመጥ
በሬዲዮ የተነገረ ንግግር



ትምህርት ቤት ከወላጅ ቤት ቀጥሎ ሰው ከሰው ጋር መኖርን የሚማርበት ሁለተኛው ቤት ነው። ሕፃን በእናቱ ጓዳ ሳለ ማን እንደ ሆነ የሚጠይቀው የለም፤ የእገሊት ልጅ መሆኑ ይበቃዋል። የትምህርት ቤቱን ደጅ በረገጠ ቀን ግን ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ የመጣበትን ቀበሌና የአባቱን ሥራ ይጠየቃል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ከጓደኞቹ በምን እንደሚመሳሰልና በምን እንደሚለይ ማስተዋል ይጀምራል። መምህሩ ፊደል አስቆጥሮ ሳይጨርስ ጓደኞቹ ይህን ሌላውን ትምህርት አስተምረውት ያድራሉ። ይህ ትምህርት መጽሐፍ የለውም፤ ፈተናውም በዓመት አንድ ጊዜ ሳይሆን በየቀኑ በዕረፍት ሰዓት ይደረጋል።

ዛሬ ላወጋችሁ ያሰብሁት ስለዚህ መጽሐፍ ስለሌለው ትምህርት ነው። ለምሳሌ የምወስደውም አገር ጎንደር ከተማንና ከእርስዋ በስተሰሜን ያሉትን ደጋዎች ነው። ይህን አገር የመረጥሁት ከሌላው የከፋ ስለሆነ አይደለም። በቋንቋ፣ በሃይማኖትና በሥራ የተለያየ ሕዝብ ለብዙ መቶ ዓመታት ጎን ለጎን የኖረበት በመሆኑ፣ ነገሩን በግልጥ ለማየት ስለሚያመች ነው እንጂ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላስረዳ። በልጆች መካከል የሚታየው ልዩነት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው እውነተኛ ልዩነት ነው፤ ይኸውም የቋንቋ፣ የሃይማኖት፣ የምግብ ሥርዓት፣ የአካል ጉዳት ወይም የኑሮ ልዩነት ነው። ሁለተኛው ደግሞ የሐሰት ልዩነት ነው፤ ይኸውም በልጁ ላይ ሳይኖር ሰው አውርቶ የሚለጥፍበት ነው። ጥበብ ማለት እውነተኛውን ልዩነት አክብሮ ስፍራ መስጠት፣ የሐሰቱንም መርምሮ ማፍረስ ነው። የብዙ ትምህርት ቤቶችና የብዙ ቢሮዎች ስሕተት ግን እነዚህን ሁለቱን አገላብጦ መያዝ ነው፤ ሐሰቱን እንደ እውነት ያምኑታል፤ እውነቱን ደግሞ እንደሌለ ይቆጥሩታል።

በመጀመሪያ ስለ ሐሰቱ ልናገር።

በአገራችን ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸክላ የምትሠራው፣ ሸማ የሚሸምነው ሰው ቡዳ ይባል እንደ ነበረ፣ በአንዳንድ ስፍራም እስከ ዛሬ እንደሚባል ከእናንተ መካከል የማያውቅ የለም። ባለ እጁ በዓይኑ ሰው ይበላል፤ ሌሊትም ጅብ ሆኖ ሲዞር ያድራል ይባላል። ይህ ወሬ በማዕድ ዙሪያ ሲወራ ተረት ይመስላል። ወደ ትምህርት ቤት ሲገባ ግን ተረትነቱ ይቀርና ፍርድ ይሆናል። የቀጥቃጩ ልጅ በተቀመጠበት ወንበር አጠገብ ለመቀመጥ የሚፈቅድ ይጠፋል። ልጆቹ ምሳቸውን ሲፈቱ ፊታቸውን አዙረው ይጎርሳሉ። አንዱ ተማሪ በማግሥቱ ሆዱን ቢያመው፣ ትናንት ሲበላ ያየው ማን ነበር ተብሎ ይጠየቃል። በዚህ ሁሉ ውስጥ የቀጥቃጩ ልጅ ያጠፋው ምንም ነገር የለም፤ እንደ ጓደኞቹ ሁሉ ሲርበው ዓይኑን ወደ እንጀራ ከማንሣቱ በቀር።

ይህ ወሬ ከየት መጣ? ነገሩ የሚገባን ከመሬት ይዞታ ጋር ስናያይዘው ነው። በጎንደር፣ በደምቢያ፣ በወገራና በሰሜን ይኖሩ የነበሩትን ቤተ እስራኤሎች እንውሰድ። በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የነገሡት አፄ ይስሐቅ፣ ያልተጠመቀ ሰው ርስት አይውረስ ብለው እንዳወጁ ሲነገር ኖሯል። ርስት ያጣ ሰው ወይ የሌላውን መሬት በጭሰኝነት ያርሳል፣ ወይ በእጁ ሥራ ይኖራል። ስለዚህ ወንዶቹ ማረሻና ማጭድ ቀጠቀጡ፣ ሸማ ሸመኑ፣ ግንብ ገነቡ፤ ሴቶቹም ጀበናና ድስት ሠሩ። ገበሬው ያለ እነርሱ ማረሻ አያርስም፤ ባለቤቲቱም ያለ እነርሱ ምጣድ አትጋግርም። ነገር ግን ከእሳትና ከብረት ጋር የሚውል፣ መሬት የሌለው፣ በሃይማኖትም የተለየ ሰው ለወሬ የተመቸ ሆነ። የሚፈለግ ሥራና የሚናቅ ሠራተኛ በአንድ ቤት ተገኙ ማለት ነው።

የጎንደር ነገሥታት ግንቦቻቸውን ሲያሠሩ የቤተ እስራኤል ግንበኞችና አናጢዎች እንዳገለገሉ፣ ከእነርሱም መካከል ማዕረግ ያገኙ እንደ ነበሩ የታሪክ ተመራማሪዎች ጽፈዋል። ሆኖም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1668 በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን በጎንደር የተደረገው ጉባኤ፣ እስላሞችና ፈላሾች ከክርስቲያኖች ተለይተው በየሰፈራቸው እንዲኖሩ ወሰነ። ዛሬ አዲስ ዓለም የምንለው ሰፈር የእስላሞች፣ ካይላ ሜዳም የቤተ እስራኤሎች ሰፈር ሆነው የቆዩት ከዚህ የተነሣ ነው። የተለያየ ሰፈር ደግሞ ወሬን ያሳድጋል፤ የማያውቁትን ሰው መፍራት ቀላል ነውና።

መንግሥትም ነገሩን ዝም ብሎ አላየውም። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጁት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን ከልክለዋል። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የርስትን ሥርዓት ሽሮ አራሹ ሁሉ መሬት እንዲያገኝ ፈቅዷል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ደንግጓል። ሆኖም አዋጅ የአዋቂዎችን እጅ ይይዛል እንጂ የሕፃናትን አፍ አይዘጋም። በዕረፍት ሰዓት በትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ አዋጅ የሚያነብ የለም። ያን ጊዜ የሚነገረው በየቤቱ ማታ ማታ የተሰማው ነው።

እዚህ ላይ ከሩቅ አገር አንድ ነገር ላምጣ። ጃፓኖች ማንጋ የሚሉት፣ በሥዕል የሚተረክ የልብ ወለድ ዓይነት አላቸው። ፔቶስ በሚል የብዕር ስም የሚጽፍ ደራሲ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2014 አንድ እንዲህ ያለ ድርሰት በመጽሔት ማውጣት ጀመረ። ስሙ ወደ አማርኛ ቢመለስ ‹ዴሚዎች መናገር ይሻሉ› እንደ ማለት ነው። በ2017ም ተንቀሳቃሽ ፊልም ሆኖ ቀርቧል። ታሪኩ ታላቅ ጦርነት ወይም የፍቅር ሰቆቃ የለበትም፤ በአንድ ተራ ትምህርት ቤት ውስጥ ከቀን ወደ ቀን የሚሆነውን ነገር ብቻ ይተርካል።

በዚያ ድርሰት ዓለም ውስጥ፣ ከሰው ተወልደው ነገር ግን በተረት የምንሰማቸውን ፍጥረታት ጠባይ የያዙ ጥቂት ሰዎች አሉ፤ ዴሚ ይባላሉ። ሂካሪ የምትባለው ተማሪ ደም ጠጪ ናት። ነገር ግን ማንንም አትነክስም፤ የሚያስፈልጋትን ደም መንግሥት በየጊዜው ይሰጣታል። ማቺ የምትባለው ጭንቅላቷ ከአንገቷ ተለይቶ የተፈጠረ ስለሆነ በክንዷ ታቅፈው ትሄዳለች። ዩኪ የምትባለው ደግሞ ስታዝን ከሰውነቷ ብርድ የሚወጣ ልጅ ናት፤ ሰው እንዳልጎዳ ብላ ከጓደኞቿ ትሸሻለች። ታካሃሺ የሚባል የሥነ ሕይወት መምህር እነዚህን ልጆች በየተራ እያስቀመጠ ያነጋግራቸዋል። ከፍርሃትም ከይሉኝታም ርቆ፣ ምን እንደሚቸግራቸው በቀጥታ ይጠይቃል፤ ያልገባውንም ይመረምራል። የዩኪን ብርድ በሳይንስ መንገድ ፈትኖ፣ ለሰው የሚያሰጋ አለመሆኑን ለራስዋ ያሳያታል። ልጅቱም ከዚያ ወዲያ ከሰው መሸሿን እየተወች ትሄዳለች።

አንባቢ ሆይ! ይህን ድርሰት ከእኛ ነገር ጋር ሲያነጻጽሩት ምን ይታይዎታል? በጃፓኑ ተረት ውስጥ ልጆቹ በእርግጥ ከሌላው ሰው የተለየ ነገር አለባቸው፤ ትምህርት ቤቱ ግን ወንበር ሰጥቷቸዋል። በእኛ አገር የቀጥቃጩ ልጅ ከጓደኞቹ ምንም የማይለይ ሆኖ ሳለ ወንበር የሚነፍገው አልጠፋም። እነርሱ ደም ጠጪ የምትባለውን ልጅ ምን እንደምትሻ ጠየቋት፤ እኛ ማረሻ የሠራልንን ሰው ልጅ ጅብ ነው አልነው። መምህር ታካሃሺ ያደረገውን ምርመራ አንድ የጎንደር መምህር ቢያደርገው፣ የቡዳው ወሬ ከአንድ ወር በላይ ባልቆየ ነበር። በሽታ ከጀርም፣ ከቆሸሸ ውኃና ካልታጠበ እጅ እንደሚመጣ ማስተማር የሳይንስ ትምህርት ብቻ አይደለም፤ አንድን ልጅ ከክስ ነጻ ማውጣትም ነው።

አሁን ወደ እውነተኛው ልዩነት ልመለስ። ይህኛው የሚጠይቀው ጥበብ ሌላ ነው። ሐሰት ይፈርሳል፤ እውነተኛ ልዩነት ግን አይፈርስም፤ ስፍራ ይሰጠዋል እንጂ። በዚያው ድርሰት ውስጥ መምህሩ የሚደርስበት ሐሳብ ይህንን ይመስላል፦ የልጁን ልዩነት ብቻ የሚያይ ሰው ልጁን ያጣዋል፤ ልዩነቱን አላይም የሚልም ሰው የልጁን ችግር ያጣዋል።

ይህን ጥበብ ለመማር ጃፓን ድረስ መሄድ የለብንም፤ በቤታችን ያለ ነው። የጎንደርን የቆሎ ተማሪ አስቡት። ጎንደር በአታ ለማርያም የአቋቋም ምስክር ቤት እንደ መሆኗ ተማሪው ከጎጃም፣ ከትግራይ፣ ከወሎ፣ ከሸዋ እየተነሣ ወደ እርስዋ ሲጎርፍ ኖሯል። ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ የሚመጣው ልጅ ለአገሩ ሰው እንግዳ ነው፤ አነጋገሩም ያስቃል። ነገር ግን ጎጆ ይቀልሳል፤ ከነባሮቹ ተማሪዎች አንዱ ያስቀጽለዋል፤ ለምኖ ያመጣውን ቁራሽ ከጓደኞቹ ጋር ይካፈላል። እንግድነቱ የቤቱ ደንብ ስለሆነ የሚያፍርበት ነገር አይደለም። ዓይነ ስውር የሆነም ተማሪ በዚያ ቤት ስፍራ አለው። ትምህርቱ በቃል የሚጠና ስለሆነ ዓይን ማጣት ከመማር አያግደውም፤ ዓይነ ስውር ሆነው ሊቅ የተባሉ የኔታዎችም ብዙዎች ናቸው። ልብ በሉ፤ የተለወጠው ዓይነ ስውሩ አይደለም። የትምህርቱ ሥርዓት እርሱ ሊይዘው በሚችለው መንገድ የተዘረጋ ሆኖ ተገኘ እንጂ።

ሌላም ምሳሌ ከማዕዳችን ላምጣ። በጎንደር ድግስ የሚደግስ ክርስቲያን፣ እስላም ጎረቤቶቹን ሲጠራ የራሱን ሥጋ ብሉልኝ አይላቸውም። በጉን ወይም ፍየሉን ከነነፍሱ ይሰጣቸዋል፤ እነርሱም በሥርዓታቸው አርደው፣ በራሳቸው ድስት ሠርተው፣ በአንዱ ድግስ ላይ አብረው ይደሰታሉ። እስላሙም ሲደግስ ለክርስቲያን ጎረቤቱ እንዲሁ ያደርጋል። እዚህ ላይ ልዩነቱን የደበቀ፣ በልዩነቱም የተጣላ የለም። ጎረቤት ምን እንደሚሻ አስቀድሞ ታውቋል፤ ተዘጋጅቶለታልም። በትምህርት ቤትም የሚያስፈልገው ከዚህ የተለየ አይደለም።

ይህ ሥርዓት ወደ ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሲገባ ግን ብዙ ጊዜ መንገዱን ይስታል። የቤተ እስራኤል ልጆች ታሪክ ይህን በደንብ ያሳያል። እነዚህ ልጆች የሚናገሩት ከጎረቤቶቻቸው ጋር አንድ አማርኛ ነው፤ ቄሶቻቸው የሚያነቡት ኦሪትም በግዕዝ የተጻፈ ነው። በሌላ በኩል ግን ቅዳሜን አጥብቀው ያከብራሉ፤ የሌላውን ሰው ሥጋ አይበሉም። በጥንቱም ሥርዓታቸው ከውጭ ሰው ጋር የተነካካ ሰው ውኃ ሳይታጠብ ወደ መንደሩ አይገባም ነበር። ይህ ወሬ ሳይሆን በፈቃዳቸው የሚጠብቁት እውነተኛ ልዩነት ነው። ልጁን ትምህርት ቤት መላክ ለአንድ የወገራ ወይም የደምቢያ ቤተ እስራኤል አባት ቀላል ውሳኔ አልነበረም ማለት ነው።

ዣክ ፋይትሎቪች የተባለው ምሁር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1904 ወደ ኢትዮጵያ ከመጣ በኋላ ጥቂት ልጆችን መርጦ ወደ ውጭ አገር ለትምህርት ላከ። ከእነዚህ አንዱ ታምራት አማኑኤል ነበሩ። በፈረንሳይና በኢጣሊያ ተምረው ተመለሱና፣ በ1923 በአዲስ አበባ በተከፈተው የቤተ እስራኤሎች ትምህርት ቤት መሪ ሆኑ። በኋላም ለኢትዮጵያ መንግሥት በፓሪስ በባህል ጉዳይ ሠርተው በ1963 በኢየሩሳሌም አረፉ። ሁለተኛው ከጎንደር ከተማ አጠገብ ከምትገኘው ከወለቃ የተነሡት ዮና ቦጋለ ናቸው። በኢየሩሳሌምና በአውሮፓ ተምረው፣ ወደ አገራቸው ተመልሰው በመምህርነት አገለገሉ፤ የዕብራይስጥና የአማርኛ መዝገበ ቃላትም አዘጋጁ። በአምቦበርና በሌሎች መንደሮች የተከፈቱት ትምህርት ቤቶች ዋና ደጋፊም እርሳቸው ነበሩ። በ1955ና በ1956 ደግሞ 27 ወጣቶች ክፋር ባትያ ወደ ተባለው የእስራኤል የአዳሪ ትምህርት ቤት ተልከው፣ ከእነርሱ ብዙዎቹ ተመልሰው በየመንደራቸው መምህራን ሆኑ። የወለቃ የሸክላ ሠሪዎች ልጅ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሞ ሲያስተምር ማየት፣ ከብዙ ስብከት ይልቅ የቡዳውን ወሬ የሚያደክም ነገር ነው።

የኋላው ታሪክ ግን ሌላ ፈተና አመጣ። በ1977 ዓ.ም. የዘመቻ ሙሴ አውሮፕላኖች በሱዳን በኩል ብዙ ሺህ ቤተ እስራኤሎችን ወደ እስራኤል ወሰዱ። ከዚያ በፊት በእግር ጉዞውና በሱዳን መጠለያዎች ብዙ ሺህ ሰዎች አልቀው ነበር። ግንቦት 16ና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ደግሞ በዘመቻ ሰሎሞን 14,325 ሰዎች ከአዲስ አበባ በአንድ ቀን ተኩል ተጓዙ። በጎንደር ሳሉ በሃይማኖታቸው የተለዩ የነበሩት ልጆች፣ እዚያ ሲደርሱ አብዛኛው ሕዝብ አይሁድ በሆነበት አገር በመልካቸው የተለዩ ሆኑ። እዚህ ፈላሻ ይባሉ የነበሩ፣ እዚያ ኢትዮጵያዊ፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በከፋ ስም ተጠሩ። ልዩነት በሰውዬው ላይ የተሰፋ ልብስ ሳይሆን፣ ሰዎች ከሚመለከቱበት ስፍራ የሚመጣ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አላገኘሁም።

እናንተ በመንግሥት ቢሮ የምትሠሩ አንባቢዎቼ በተለይ ልታስተውሉት የሚገባ ነገር እዚህ ላይ አለ። ልጆቹ ሲደርሱ የመዝገብ ሠራተኞችና የትምህርት ቤት ሰዎች ለብዙዎቹ አዲስ የዕብራይስጥ ስም ሰጧቸው። በእኛ ልማድ ሰው በራሱና በአባቱ ስም ይጠራል እንጂ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለውም። ስለዚህ የመዝገቡን ባዶ ስፍራ ለመሙላት ብዙ ጊዜ የአያት ስም ተጻፈ። ይህን ያደረጉት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም። ልጁ ቶሎ ይላመዳል፣ ጓደኞቹም ስሙን ለመጥራት አይቸገሩም ብለው በበጎ ያሰቡት ነው። እውነተኛውን ልዩነት እንደሌለ መቁጠር የምለው ግን ይህንኑ ነው። በኢትዮጵያ ስም ማለት እናት በምጧ ወይም አባት በዘመኑ ያየውን ነገር የሚይዝ ትንሽ ታሪክ ነው። ያን ታሪክ በአንድ መስመር ቀለም ሰርዞ ልጁን እንኳን ደህና መጣህ ማለት፣ በር ከፍቶ ማንነትህን ደጅ ትተህ ግባ እንደ ማለት ነው። ከእነዚያም ልጆች አንዳንዶቹ ካደጉ በኋላ የቀድሞ ስማቸውን መልሰው ይዘዋል።

ከጎንደር ሳንወጣም ይህን የመሰለ ነገር እናገኛለን። በጭልጋና በአካባቢው የሚኖሩት ቅማንቶች ቅማንትነይ የሚባል ጥንታዊ ቋንቋ አላቸው፤ ከአገው ቋንቋዎች ወገን ነው። በ1987 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ራሳቸውን ቅማንት ያሉት ሰዎች 172 ሺህ ያህል ሲሆኑ፣ ቅማንትነይን አፍ የፈቱበት ግን 2 ሺህ እንኳ አይሞሉም ነበር። አንድ ቋንቋ እንዲህ የሚመናመነው በአንድ ቀን አዋጅ አይደለም። በገበያ፣ በቤተ ክርስቲያንና በትምህርት ቤት አማርኛ የሚናገረው ሲከበርና በእናቱ ቋንቋ የሚናገረው ሲሳቅበት፣ ልጁ እናቱን በገዛ ቋንቋዋ መመለስ ያቆማል። መሳቅ ያስተማርነው ልጅ ሳያውቅ አንድ ቋንቋ ይቀብራል። ልጁ ከሌላው ጋር መስሎ ተቀምጧልና ሁሉም ነገር የተስተካከለ ይመስላል፤ የተከፈለው ዋጋ ግን የሚታወቀው የመጨረሻዋ ተናጋሪ አያት ስትሞት ነው።

ደግሞም ስለ ደጋው ልጅ ጥቂት ልበል። ከሰሜንና ከወገራ ገጠር ወደ ደባርቅ፣ ወደ ዳባት ወይም ወደ ጎንደር ለከፍተኛ ትምህርት የሚወርደው ተማሪ ከሁለትና ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ አንዲት ክፍል ይከራያል። በሳምንቱ መጨረሻ ወደ ቤቱ ሄዶ ስንቁን ተሸክሞ ይመለሳል። የእርሱ ልዩነት በሃይማኖትም በቋንቋም አይደለም፤ በላስቲክ ጫማውና በአነጋገሩ ነው። የከተማው ልጅ ገጠሬ ይለዋል። ሰኞ ጠዋት በክፍል ውስጥ ቢያንቀላፋ ሰነፍ ይባላል፤ እሑድ ስንት ሰዓት በእግሩ እንደ ተጓዘ የሚጠይቀው ግን አይገኝም። አንዲት ጥያቄ ብቻ ብትጠየቅ ስንፍና የተባለው ነገር ትጋት ሆኖ ይገኝ ነበር።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ልምከራችሁ የምደፍረው በጥቂቱ ነው።

በመጀመሪያ፣ መዝገብ የምትይዙ ሁሉ የልጁን ስም እናቱ እንደ ጠራችው ጻፉ። ስሙ ለብዕራችሁ ቢከብድም ለልጁ ቀላል ነው። የአባቱ ሥራ የሚጻፍበት ስፍራ ካለም፣ በክፍል ውስጥ ጮኾ የሚነበብ አይሁን።

ሁለተኛ፣ መምህር የሆናችሁ፣ ልጅን በአባቱ ሥራ፣ በአገሩ ወይም በአካሉ ጉዳት አትጥሩ፤ ሌሎቹም ሲጠሩ ሰምታችሁ እንዳልሰማ አትለፉ። የመምህር ዝምታ ለተማሪ ፈቃድ ነው።

ሦስተኛ፣ ፈተናና የግዴታ ሥራ ስታወጡ ቅዳሜን ለሚያከብረው፣ ዓርብ በቀትር ለሚሰግደው፣ በጾም ለደከመው ልጅ አስቡለት። ይህ ከደግነት የሚቆጠር አይደለም፤ ለጎረቤቱ ፍየሉን ከነነፍሱ የሚሰጠው ባለ ድግስ ሁልጊዜ የሚያደርገው ነገር ነው።

አራተኛ፣ ወላጅ የሆናችሁ፣ ማታ በማዕድ ዙሪያ የምትናገሩትን መዝኑ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና፣ በቤታችሁ ለጨዋታ የተነገረው ቃል በማግሥቱ በትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ አንድን ልጅ ያለ ጓደኛ ያውለዋል። እናንተ ረስታችሁት ትተኛላችሁ፤ እርሱ ግን ዕድሜውን በሙሉ ያስታውሰዋል።

በመጨረሻም ከሁሉ የሚበልጠው፣ ልጁን መጠየቅ ነው። ምን ይቸግርሃል? ምን ብናደርግ ይመችሃል? ማን ብለን እንጥራህ? እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች በጀት አይጠይቁም፤ ከበላይ መሥሪያ ቤት ፈቃድ አያስፈልጋቸውም። ነገር ግን ጅብ የተባለው ልጅ ሰው መሆኑን፣ ዝምተኛ የተባለውም ሊናገር የሚሻው ነገር ያለው መሆኑን ይገልጣሉ።

በጎንደር ግንብ ጥላ ሥር የሚያልፍ ሰው ሁሉ የሠሪዎቹን ጥበብ ያደንቃል። ከእነዚያ ድንጋዮች ብዙዎቹን ያነጹት እጆች፣ ልጆቻቸው ከሌላው ልጅ ጋር በአንድ ማዕድ እንዳይቀርቡ የተከለከሉ ሰዎች እጆች ነበሩ። ድንጋዩን አንድ ላይ አያይዘው ካቆሙልን ሰዎች ቢያንስ ይህን እንማር፤ አንድ ግንብ የሚቆመው ድንጋዮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆኑ አይደለም። ግንበኛው እያንዳንዱን ድንጋይ አይቶ፣ የሚስማማውን ስፍራ ስለሰጠው ነው።